እናቴ ጉልበቷን በሮቦት ኦፕራሲዮን ልትሆን ነው፣ የምታውቁ እስኪ ንገሩኝ

የማዘር ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው ያለሁት፣ እናቴ 71 ዓመቷ ነው ከኔ ጋር ነው የምትኖረው። ጉልበቷን ካመማት ስምንት ዓመት አልፏታል፣ መጀመሪያ ቁርጥማት ነው ብርድ ነው እያልን በቅባት ስናሻት ከረምን፣ ከዛ ኮርቲዞን ሁለት ጊዜ ተወጋች፣ የመጀመሪያው አራት ወር ያህል አሳርፏት ነበር ሁለተኛው ግን ሦስት ሳምንትም አልቆየ። አሁን ቀኝ እግሯ ቆልመም ብሏል፣ ደረጃ ስትወርድ ፊቷን ወደ ደረጃው አዙራ የኋሊት ነው የምትወርደው፣ ማታ ስትገላበጥ የምታቃስተውን ከጎን ክፍል ሆኜ እሰማታለሁ እና እኔም እንቅልፍ የለኝም።

ባለፈው ሳምንት አጥንት ሀኪም ጋ ወሰድኳት፣ ራጁን አሳየንና አጥንት ካጥንት እየተፋጨ ነው መገጣጠሚያው ይቀየር አለ፣ እሱስ ይሁን የጠበቅነው ነው፣ ግን እኛ በሮቦት ነው የምንሰራው ብሎ ብሮሸር ሰጠን፣ ላዩ ላይ ትልቅ የብረት ክንድ አለ። እኔ ሳስተረጉምላት ሮቦት የሚለውን ስትሰማ ፊቷ ልውጥ አለ፣ መኪና ውስጥ ገብተን "ልጄ፣ ሰው ይቁረጠኝ እሺ፣ ማሽን ግን አይነካኝም" አለችኝና እስካሁን እንቢ እንዳለች ነው።

ጥያቄዬ፣ የሚቆርጠው ማሽኑ ነው ወይስ ዶክተሩ? ብሮሸሩ ትንሽ ቁስል ቶሎ መዳን ይላል፣ በትንሽ ቀዳዳ ገብተው የሚሰሩት ነው ማለት ነው? በእጅ ከሚሰራው በእርግጥ ይሻላል ወይስ ሆስፒታሉ ማሽኑን ስለገዛው ነው? ስኳርም አለባት። የሷ ትልቁ ጥያቄ ደግሞ ከዛ በኋላ መስገድ እችላለሁ ወይ ነው፣ ጠይቂልኝ ብላኝ ስጠይቀው "ተቀምጣ መጸለይ ትችላለች" አለኝ፣ ስግደት ምን እንደሆነ ማስረዳት አቃተኝ። ያለፋችሁበት ካላችሁ እባካችሁ።

ነርስ ከዳላስ

እህቴ እንኳን ጠየቅሽ፣ እኔ ጉልበትና ዳሌ የሚሰራበት ኦፕራሲዮን ክፍል ነው የምሰራው፣ በየሳምንቱ የማየውን ልንገርሽ። ሮቦት የሚለው ስሙ ነው ሰዉን የሚያስደነግጠው፣ ራሱን ችሎ የሚቆርጥ ነገር አይደለም። መጋዙን በእጁ ይዞ የሚገፋው ዶክተሩ ነው፣ ጣቱን ካነሳ መጋዙ ይቆማል። ለማዘር ይሄንን ንገሪያት።

አሜሪካ ውስጥ ብዙ ቦታ ያለው ስትራይከር የሚባለው ድርጅት የሚሰራው ማኮ የሚባል ማሽን ነው። እሱ ከሆነ ከኦፕራሲዮኑ በፊት ሲቲ ስካን ትነሳለች፣ ከሲቲው ኮምፒውተሩ የራሷን የጉልበት አጥንት ቅርጽ አውጥቶ ያሳያል፣ ዶክተሩ ስንት ቁጥር ብረት (በመገጣጠሚያው ፋንታ የሚገባላት) እንደሚሆናት፣ ከየት በኩል ስንት ሚሊሜትር እንደሚቆርጥ ገና ቢሮው ቁጭ ብሎ ያቅደዋል። በቀኑ ደግሞ ጭን አጥንቷ ላይና ቅልጥሟ ላይ ቀጫጭን ብረቶች ይገባሉ፣ ጫፋቸው ላይ ካሜራው የሚያያቸው ምልክቶች አሉ፣ እግሯ ትንሽ ብትንቀሳቀስ ኮምፒውተሩ አብሮ ያውቃል። ከዛ ዶክተሩ እንደ እስክሪፕቶ ባለ ነገር አጥንቱን እዚህም እዚያም እየነካ ሲቲው ላይ ካለው ምስል ጋር ያገናኘዋል።

እኔ ሁሌ ቆሜ የማየው ከዛ በኋላ ያለውን ነው። ገና አጥንት ሳይቆረጥ ዶክተሩ እግሩን ያጥፋል ይዘረጋል፣ ወደ ግራ ወደ ቀኝ ይገፋዋል፣ ስክሪኑ ላይ በውስጥ በኩል ስንት ሚሊሜትር ክፍተት እንዳለ በውጪ በኩል ስንት እንዳለ በቁጥር ይወጣል። ጅማቱ በአንድ በኩል ላልቶ በሌላው ጠብቆ ከተሰራ በኋላ ሰውየው ሲራመድ ጉልበቴ ይከዳኛል ይላል፣ ወይ ደግሞ አልታጠፍ ይለዋል። እዚህ ላይ ዕቅዱን አንድ ሚሊሜትር አንድ ዲግሪ እያደረገ ያስተካክለዋል፣ ድሮ በእጅና በልምድ ብቻ የሚገመተው ነገር ነው። ከዛ ሲቆርጥ መጋዙ ከተሰመረለት ወሰን ሊወጣ ካለ ክንዱ ራሱ ይይዘዋል፣ ከጉልበት ጀርባ ትልቅ የደም ስር አለ፣ ጅማቶችም አሉ፣ ለዛ ነው።

ትንሽ ቀዳዳ የሚለውን ግን እርሺው። ጉልበቷ ከፊት ለፊት ይከፈታል፣ ወደ አንድ ስንዝር የሚጠጋ ነው። አንዳንዱ ሰርጀን አሳጥሮ ይከፍታል፣ የጭን ጡንቻውንም ብዙ ሳይነካ በጎን ያልፋል፣ ያም የሰርጀኑ አሰራር ነው እንጂ ሮቦት ስላለ የሚመጣ አይደለም። እንዲያውም ምልክት ያለባቸው ቀጫጭን ብረቶች ለሚገቡበት ተጨማሪ ትንንሽ ቁስል አለ፣ አልፎ አልፎ በጣም ጥቂት ሰው ላይ አጥንቱ በዛ ቀዳዳ በኩል ሊሰበር ይችላል፣ ጊዜውም ረዘም ይላል። ሁሉም ማሽን ሲቲ አይፈልግም ደግሞ፣ ሮዛ የሚባለው በራጅም ይሰራል፣ ኮሪ የሚባለው በእጅ የሚያዝ ነው ሲቲ የለውም፣ የትኛው እንደሆነ ጠይቂ።

ሚኒሶታ ነዋሪ

ትንሽ ቀዳዳ ስትሉ እኔን አነሳሳችሁኝ። ከአስር ዓመት በፊት ጉልበቴን ሲያመኝ በካሜራ ገብተን እናጸዳልሃለን ተባልኩ፣ ሁለት ትንንሽ ቀዳዳ፣ በዛው ቀን ወደ ቤት። በጣም ደስ ብሎኝ ገባሁ። ሁለት ወር ደህና ነኝ ያልኩ መሰለኝ ከዛ ህመሙ እንደነበረው ተመለሰ፣ በመጨረሻም መገጣጠሚያውን ከማስቀየር አልዳንኩም። በኋላ ሳነብ ነው ያወቅኩት፣ ገና በ2002 ሂዩስተን የሚገኝ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል ውስጥ 180 ሰው ላይ ተሞክሯል፣ ከሦስት ሁለቱን እጅ በእውነት በካሜራ አጽድተውላቸው ወይ አጥበውላቸው ሌሎቹን ቆዳቸውን ብቻ ሰንጥቀው ሰፍተዋቸው ሁለት ዓመት ሲከታተሏቸው ምንም ልዩነት አልተገኘም። የኔ ጉልበት የተነካው ጥናቱ ከወጣ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው እና አሁንም ያናድደኛል።

ካሜራው ራሱ መጥፎ ነገር ሆኖ አይደለም፣ በ1962 ጃፓናዊው ዋታናቤ በዚህ ዘዴ የተቀደደ ሜኒስከስ (ጉልበት ውስጥ እንደ ትራስ ያለውን) ቆርጦ ካወጣ ወዲህ ስንቱ ኳስ ተጫዋች ነው የዳነበት፣ የተበጠሰ ጅማት የሚሰራውም በሱ ነው። ያለቀ መገጣጠሚያን ግን አይመልስም። ስለዚህ እህቴ ሌላ ቦታ ሄዳችሁ "ለምን ትልቅ ኦፕራሲዮን፣ እኛ በቀዳዳ እናጸዳላታለን" የሚላችሁ ካለ እናትሽን ይዘሽ ውጪ።

የአጥንት ሬዚደንት

አዲስ አበባ ነው የምማረው፣ እናትሽን ስላላየኋት የሷን ሀኪም ቦታ ወስጄ አልናገርም፣ ግን ስለ ሮቦቱ የተጠየቀው ጥሩ ጥያቄ ስለሆነ ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልመልስ።

የማዘር ፍርሀት መሰረት የሌለው አይደለም። በ1992 ካሊፎርኒያ ሳክራሜንቶ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ላይ የተሞከረው ሮቦዶክ የሚባለው ማሽን ለዳሌ ነበር፣ እሱ በእርግጥ ዕቅዱ ከተሰጠው በኋላ ራሱ ነበር አጥንቱን የሚፈለፍለው፣ ዶክተሩ ማቆሚያውን ይዞ አጠገቡ ይቆማል። በ1997 ደግሞ ፈረንሳይ ግሬኖብል ውስጥ በኮምፒውተር ብቻ እየተመሩ ጉልበት ቀየሩ፣ ሮቦት የለም፣ ካሜራና ስክሪን ብቻ ነው፣ እንደ መኪና ጂፒኤስ በይው፣ መንገዱን ይነግርሻል መሪውን የምትይዢው አንቺ ነሽ። ዛሬ እናንተ ጋ ያለው የሁለቱ ድብልቅ ነው፣ እንደ ሁለተኛው መንገድ ያሳያል፣ ከመንገድ ስትወጪ ደግሞ ይይዝሻል።

አሁን ይሻላል ወይ ለሚለው። ብረቱን በታቀደለት ቦታና ማዕዘን በማስቀመጥ ይሻላል፣ እዚህ ላይ ብዙ ክርክር የለም። ግን ሰውየው ከዓመታት በኋላ ህመሙ ቀነሰለት ወይ፣ ብረቱ ረዘም ላለ ጊዜ ቆየለት ወይ ስትይ ልዩነቱ እስካሁን ጎልቶ አልወጣም። ኮሪያ ውስጥ ከሺህ በላይ ታማሚ በዕጣ ከፍለው ግማሹን በሮቦዶክ ግማሹን በእጅ ሰርተው ቢያንስ 10 ዓመት ተከታትለው በ2020 ያወጡት አለ፣ ልዩነት የለም ነው ያሉት። እርግጥ እዛ የተጠቀሙት የድሮውን ማሽን ስለሆነ ለአዲሶቹ የመጨረሻ ፍርድ ነው አልልም፣ ግን ብሮሸሩ ላይ እንደተጻፈው አድርገሽ እንዳትጠብቂ። በእጅ የሚሰራውም ቢሆን ደካማ ነገር አይደለም፣ ከ100 ሙሉ የጉልበት ቅያሪ ወደ 82 የሚሆነው 25 ዓመት እንደሚቆይ በ2019 የተጠናቀረ ጥናት አለ፣ ያ አብዛኛው ያለ ሮቦት የተሰራ ነው። በሌላ በኩል ከአምስት ሰው አንዱ አካባቢ ተቀይሮለትም እንደጠበቅኩት አልሆነም ይላል፣ እነዚህ ሰዎች እንዲቀንሱ ነው ሁሉም የሚሞክረው።

ስለዚህ እኔ እናቴ ብትሆን ከማሽኑ በፊት ሰርጀኑን ነው የምጠይቀው። በዓመት ስንት ጉልበት ትሰራለህ፣ በዚህ ማሽን ስንት ሰርተሃል፣ ማሽኑ መሀል ላይ ቢበላሽ በእጅ ትጨርሰዋለህ ወይ (መልሱ ያለማመንታት አዎ መሆን አለበት)። ሌላው ሁሉም ሰው የሚረሳው ጥያቄ፣ ያለቀው በውስጥ በኩል ያለው ብቻ ከሆነ ግማሹን ብቻ መቀየር ይቻላል ወይ የሚለው ነው። ግማሽ ቅያሪ አጥንትም ጅማትም ይተርፍበታል፣ ቶሎ ይነሳሉ፣ ግን ቶሎም እንደገና ሊነካ ይችላል፣ በልኩ መግጠም ያለበት ስለሆነ ሮቦቱ የበለጠ የሚጠቅመው ለሱ ነው ብዬ አምናለሁ። እግሯ በጣም ከቆለመመ ወይም የጉልበቷ ሎሚ ስር ያለውም ካለቀ ግን ሙሉው ነው።

ስኳሩን አደራ። ብዙ ሀኪም የሦስት ወሩ የስኳር ምርመራ፣ ኤዋንሲ የሚሉት፣ ከ8 በላይ ከሆነ ቀጠሮውን ይገፋዋል፣ ምክንያቱም ብረት የገባበት ቦታ ኢንፌክሽን ከያዘው መከራ ነው፣ አንዳንዴ ብረቱን አውጥቶ ከወራት በኋላ ሌላ እስከመክተት ይደርሳል። ጥርሷም ታይቶ ይጠገን። ከኦፕራሲዮን በኋላ ደግሞ ዘመድ በፍቅር የሚያመጣውን ቅቤ ቁስሉ ላይ እንዳታደርጉ፣ ወጌሻም እንዳይስባት፣ ይሄን የምለው ጠፍሮ በማሰር እግር ሞቶ ሲመጣ በዓይኔ ስላየሁ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ከርዕሱ ትንሽ ይወጣል ግን ልቤ ውስጥ ያለ ነገር ነው። እኛ ጋ ቀኑን ሙሉ የሚመጣው በመኪናና በሞተር አደጋ የተሰበረ ጭንና ቅልጥም ነው፣ ሲሰሩ ራጅ እያሳየ የሚያግዘው ማሽን ሁሌ የለም። ዋሽንግተን ስቴት ሪችላንድ ከተማ ያለ ሳይን የሚባል ድርጅት የሰራው ዘንግ አለ፣ ጥቁር አንበሳን ጨምሮ አገራችን ውስጥ ይገባል። በትንሽ ቁስል አጥንቱ ውስጥ ይገባና ብሎኖቹ የሚገቡበትን ቀዳዳ ከውጪ የሚገጠም መለኪያ ይጠቁምሻል፣ ያለ ራጅ ማለት ነው። ኮምፒውተር የለውም ኤሌክትሪክ አይፈልግም፣ ድሮ እግሩ በክብደት እየተጎተተ (በትራክሽን) ወራት ይተኛ የነበረ ሰው በቀናት ውስጥ በክራንች ይነሳል። እናንተ ጋ ያ ክንድ በሚሊሜትር የሚሰራውን ሥራ እኛ ጋ ይሄ ብረት በራሱ መንገድ እየሰራው ነው።

የማዘር ልጅ

እንዴት እንደማመሰግናችሁ አላውቅም። ነርሷ የጻፈችውን ለማዘር አንብቤላት ሁለቴ አስደገመችኝ፣ "ታዲያ መጋዙን የያዘው እሱ ከሆነ ለምን ሮቦት ይለዋል" አለች፣ ትንሽ ለስለስ ብላለች። ግማሽ ቅያሪ የሚባል እንዳለ ጭራሽ አልሰማሁም ነበር፣ እጠይቃለሁ። ስለ ስግደቱ ግን እስካሁን ማንም አልነገረኝም፣ እሷ ደግሞ እሱን ሳላውቅ አልፈርምም ብላለች። ሜዲኬር (የአረጋውያኑ የመንግሥት ኢንሹራንስ) ነው ያላት፣ ለሮቦቱ ተጨማሪ ይጠይቁናል ወይ?

ፊዚዮ ከለንደን

የስግደቱን ለኔ ተዉት፣ ሥራዬ እሱ ነው፣ እናቴም ተቀይሮላታል።

በዲግሪ ልንገርሽ። ሜዳ ላይ ለመራመድ ጉልበት 65 ወይ 70 ዲግሪ ያህል ቢታጠፍ ይበቃል፣ ለደረጃ ወደ 85 እና 90፣ ከወንበር ለመነሳት 95 አካባቢ፣ ከዝቅተኛ ሶፋ ወይ ከዱካ ለመነሳት ከ105 በላይ። ከቅያሪ በኋላ ብዙ ሰው ከ110 እስከ 120 ይደርሳል። ግንባርን መሬት አስነክቶ ተረከዝ ላይ ቁጭ የሚባልበት ስግደት ግን ከ130 እና 140 በላይ ይፈልጋል፣ በእጅ ተሰራ በሮቦት ተሰራ እዛ የሚደርሰው ጥቂት ሰው ነው፣ ይበልጡን የሚወስነው ከኦፕራሲዮኑ በፊት ምን ያህል ይታጠፍላት ነበር የሚለው ነው። ስለዚህ እውነቱን ንገሪያት፣ እንደ ልጅነቷ ሙሉ ስግደት ላይመለስ ይችላል። መንበርከክስ ካልሽ፣ ቁስሉ በደንብ ከዳነ በኋላ ሰርጀኗ ከፈቀደ ብረቱን አይጎዳውም፣ ግን ከጠባሳው በውጪ በኩል ያለው ቆዳ ስለሚደነዝዝ ስሜቱ እንግዳ ነው፣ ብዙዎች ከወራት በኋላ አልጋ ላይ ከዛ ወፍራም ትራስ ላይ እያሉ ይለምዱታል። የኔ እናት ዛሬ ወንበር ይዛ አንድ ጉልበቷን ትራስ ላይ ታደርጋለች፣ ሌላውን ቀን ከወገቧ ጎንበስ ብላ ትሰግዳለች። የንስሐ አባቷ "ከታመመ ሰው እግዚአብሔር የሚጠብቀው ልቡን ነው" ስላሏት ነው ያረፈችው፣ እናንተም ከኦፕራሲዮኑ በፊት አባትን አነጋግሩ፣ ከኔም ከዶክተሩም ይልቅ የሳቸው ቃል ነው የሚያሳርፋት።

አሁን ዋናው። በኛ ቤት ሰው ኦፕራሲዮን ከሆነ ተኚ አትነሺ ነው፣ ውሀ እንኳን አልጋዋ ድረስ ይመጣል፣ ጠያቂ ሳሎን ሙሉ ቁጭ ብሎ እሷ ስትነሳ ሁሉም "ኧረ ተይ" ይላል። ፍቅር ነው አውቃለሁ፣ ጉልበቱ ግን በዚህ ነው የሚደርቀው። በተሰራችበት ቀን ወይ በማግስቱ በዎከር (በሁለት እጅ በሚያዘው መደገፊያ) ትቆማለች፣ የመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት በየቀኑ ማጠፍና መዘርጋት አለባት። መዘርጋቱን አትናቁት፣ ሰው ሁሉ ስንት ታጠፈ ብቻ ነው የሚጠይቀው፣ ሙሉ ካልተዘረጋ ግን እድሜ ልኳን ታነክሳለች። ከጉልበቷ ስር ትራስ አታድርጉ፣ ደስ ይላታል ግን እንደታጠፈ ይቀራል፣ ትራሱ ከተረከዟ ስር ይሁን። ማስታገሻዋን ከእንቅስቃሴው ግማሽ ሰዓት በፊት ትውሰድ። የደም ማቅጠኛ ይሰጧታል አታቋርጡት፣ ባቷ ካበጠና ካመማት ወይ ትንፋሽ ካጠራት በዛው ደቂቃ ድንገተኛ ነው። ጾም ላይ ከዋለ ምስሩን ሽሮውን ባቄላውን ጠንከር አድርጉላት፣ ቁስል የሚጠግነው ፕሮቲን ነው፣ ስኳር ስላለባትም ባዶ ሆድ አታስውሏት።

ሰላም ለሁሉ

የሜዲኬሩን እኔ ልመልስ፣ የአባቴንም የአክስቴንም ወረቀት የጨረስኩት እኔ ነኝ። ሜዲኬር ለሆስፒታሉ የሚከፍለው ለጉልበት ቅያሪው ነው፣ በሮቦት ስለሆነ ብሎ አይጨምርም፣ ስለዚህ ለሮቦት ተብሎ ለብቻ ሂሳብ ቢመጣባችሁ ዝም ብላችሁ አትክፈሉ። ሲቲውን ግን አስቀድማችሁ ተሸፍኗል ወይ ብላችሁ በጽሁፍ ጠይቁ፣ እኛ አንድ ቦታ ሳይነግሩን አነሷትና ኢንሹራንሱ አልሸፍንም ብሎ ሂሳቡ በፖስታ መጣ፣ አራት ወር ስከራከር ቆየሁ። ሌላው "ኦብዘርቬሽን (ለክትትል ብቻ የቆየች) ናት ወይስ ተኝታ ታካሚ" ብላችሁ ጠይቁ፣ ከ2018 ጀምሮ የጉልበት ቅያሪ ተመላላሽ ተብሎም ሊመዘገብ ስለሚችል የምትከፍሉት ይለያያል፣ ነርሲንግ ሆም ለማገገም መግባት ከፈለገችም ያው ምዝገባው ነው የሚወስነው።

አባቴ የተሰራው ያለ ሮቦት ነው፣ ሰርጀኑ ሽማግሌ ናቸው፣ እድሜ ልካቸውን ጉልበት ነው የሰሩት። ዛሬ ለቅሶ ቤት ለሰዓታት ይቆማል። አክስቴ በሮቦት ነው፣ ራጇ ላይ ብረቱ ቀጥ ያለ ነው ዶክተሩም ተደስቶበት ነበር፣ ግን ብቻዋን ነው የምትኖረው ፊዚዮ የሚወስዳት ሰው አልነበረም እኛም ሥራ ላይ ነን፣ ጉልበቷ ደርቆ እንደገና አደንዝዘው በግድ አጠፉላት። እኔ አሁንም ይቆጨኛል፣ ሦስተኛው ሳምንት ላይ ደውላልኝ ደህና ነኝ ስትለኝ ዝም ብዬ ማመኔ። ቤት ውስጥ ማን እንደሚውል ከቀጠሮው በፊት ጨርሱ።

የማዘር ልጅ

ተመልሰን ሄድን። ያላችሁትን ሁሉ ወረቀት ላይ ጽፌ ነው የገባሁት። ግማሽ ቅያሪውን ጠየቅኩ፣ ራጁን እንደገና አወጣና ሎሚዋ ስርም በውጪ በኩልም እንዳለቀ በጣቱ አሳየን፣ ሙሉው ነው አለ። ማሽኑ ማኮ ነው፣ በሱ ከሁለት መቶ በላይ ሰርቻለሁ አለ፣ ቢበላሽስ ስለው "በእጅ ነው ያደግኩት" ብሎ ሳቀ። ኤዋንሲዋ 8.6 ስለሆነ ግን ቀጠሮ አልሰጠም፣ ሦስት ወር ስኳሯን አስተካክላ ትመለስ ብሏል፣ እስከዛ ጭኗን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ጀምራለች።

ስግደቱን ማንም ሳይደርስባት ራሷ ጨርሳዋለች፣ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አባን አነጋግራቸው ወጣችና መኪና ውስጥ "ጎንበስ በዪ ብለውኛል" አለችኝ፣ ሌላ አልጨመረችም። ማታ ብሮሸሩን አምጪው ብላ መነጽሯን አድርጋ ያንን ክንድ ለረጅም ጊዜ አየችው።

አሁን ለቤት ዝግጅት ነው። የሽንት ቤት መቀመጫ ከፍ የሚያደርገውን እና ሁለት ጎማ ያለውን ዎከር ተጠቅማችሁ የጨረሳችሁ ሜሪላንድ ወይ ቨርጂኒያ ያላችሁ ካላችሁ በውስጥ ጻፉልኝ፣ እኔ መጥቼ እወስዳለሁ። ፊዚዮ፣ አንድ ጥያቄ ልጨምርልሽ፣ መኝታዋ ፎቅ ላይ ነው፣ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አልጋዋን ሳሎን ላውርደው ወይስ ደረጃውን እንድትለምደው እዛው ትሁን?